ስድስተኛዋን ላም ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ደብረ ብርሃን ዳርቻ ነኝ። 5 የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ። አሁን የሚታለቡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ተደምሮ በቀን 19 ሊትር አገኛለሁ። አንደኛዋ ከወለደች 3 ወሯ ነው፤ 12 ሊትር ትሰጣለች። ሁለተኛዋ ከወለደች አመት አልፏታል፤ 7 ሊትር ላይ ወርዳለች። ሦስተኛዋ ነጥፋለች፤ ልትወልድ 2 ወር ቀርቷታል። አራተኛዋ ከነጠፈች 5 ወር ሆናት፤ እስካሁን አላረገዘችም። አምስተኛዋም ነጥፋለች፤ ከ4 ወር በፊት አስዳቅያት አልተመለሰችም፤ ማለትም ዳግም ኮርማ አልፈለገችም። የፉርሽካና የፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ ምርት) ዋጋ አልቀመስ ብሏል። ትልልቆቹ እርባታዎች ደግሞ በብዛት እያመረቱ ገበያውን ይዘውታል። ብድር ወስጄ ስድስተኛ ላም ልጨምር አስቤያለሁ። ያዋጣኛል?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት። አሁን አያዋጣዎትም። ብድሩን ለጊዜው ይተዉት። በረትዎ ውስጥ ካሉት 5 ላሞች 3ቱ እየበሉ ወተት አይሰጡም። መጀመሪያ እነሱን ወደ ወተት እንመልሳቸው።

ከሰሜን ሸዋ እስከ ሰላሌ ከ2 እስከ 10 ላም ያላቸውን አርቢዎች ሳማክር ብዙ አመት ሆኖኛል። በየበረቱ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ወተቱ እንዲጨምር ምን ላብላት?» እኔ ደግሞ «ከወለደች ስንት ቀኗ ነው? መቼ አረገዘች?» ብዬ ስጠይቅ ቤቱ ጸጥ ይላል። የትንሽ እርባታ ገንዘብ በብዛት የሚፈሰው በዚያ በኩል ነው። እርስዎ የእያንዳንዷን ወር ለይተው ስለጻፉልኝ በጣም ደስ ብሎኛል። ከብዙዎች አንድ እርምጃ ቀድመዋል።

ሒሳቡን አብረን እንስራው። በብር አልሰራውም፤ የመኖም የወተትም ዋጋ ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል። በሊትር እናስላው። አንዲት የምትታለብ ላም በቀን የምትበላው የ5 ሊትር ወተት ዋጋ ያህል ነው ብለን እንያዝ። ስትነጥፍ የ3 ሊትር ዋጋ ትበላለች እንበል። የራስዎን ቁጥር በኋላ ይተኩበታል።

በየ13 ወሩ የምትወልድ ላም ከአንዱ ወሊድ እስከሚቀጥለው 395 ቀን አላት። ከዚህ ውስጥ 335 ቀን ትታለባለች፣ 60 ቀን ታርፋለች። በአማካይ 9 ሊትር ብትሰጥ 3,015 ሊትር ወተት ይገኛል። የበላችው ደግሞ የ1,855 ሊትር ዋጋ ነው። 1,160 ሊትር ይተርፋል። ለ395 ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 3 ሊትር ገደማ ማለት ነው።

አሁን ይህችኑ ላም በየ18 ወሩ የምትወልድ እናድርጋት። ቀኑ 545 ይሆናል። ወሩ በገፋ ቁጥር ወተቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከ335 ቀን በኋላ 30 ቀን ያህል በ4 ሊትር ትቀጥልና ትነጥፋለች እንበል። ጠቅላላ ወተቱ 3,135 ሊትር ነው። 180 ቀን ደረቅ ቆማለች። የበላችው የ2,365 ሊትር ዋጋ ይሆናል። የተረፈው 770 ሊትር ብቻ ነው። በቀን ሲካፈል 1 ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም።

ላሟ ያችው ናት። በረቱም፣ መኖውም፣ የሚያልባትም እጅ ያው ነው። ትርፉ ግን ከግማሽ በታች ወረደ።

በ5 ላሞች ስናባዛው ልዩነቱ በአመት ከ2,700 ሊትር በላይ ነው። ስድስተኛ ላም ገዝተው በየ18 ወሩ እንደምትወልደው አይነት ቢይዟት ግን ከመኖዋ በላይ የምታተርፈው በአመት 515 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ የብድሩ ወለድ ይቀነሳል። እኔ «ይተዉት» የምለው ከዚህ ሒሳብ ተነስቼ ነው።

ስለ ትልልቆቹ እርባታዎች የጻፉት ስጋት ይገባኛል። እነሱ ፋጉሎውን በመኪና ሙሉ ይገዛሉ፤ ሐኪምም ይቀጥራሉ። ግን ለጥበቃው፣ ለአላቢው፣ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለመሬቱ፣ ለነዳጁ ይከፍላሉ። እርስዎ ይህ ሁሉ ወጪ የለብዎትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ 5 ላም ያለው ሰው የእያንዳንዷን ጠባይ ያውቃል። 200 ላም ባለበት በረት ማን ልብ ይላታል? ገበያ ላይ የሚያወዳድራችሁ 1 ሊትር ወተት በስንት ብር ወጪ እንደተመረተ ነው፤ በዚህ በኩል ትንሽ እርባታ ትልቁን መብለጥ ይችላል። ስለዚህ ላሞቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ከአንደኛዋ እንጀምር፤ በጣም የምታስቸኩለው እሷ ናት። ከወለደች 90 ቀን ገደማ ሆኗታል። ላም የምታረግዘው በአማካይ 283 ቀን ነው። በ13 ወር እንድትወልድ ከተፈለገ እስከ 112ኛው ቀን ድረስ መያዝ አለባት። ስለዚህ የቀረዎት 22 ቀን ገደማ ነው። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ስለሆነ አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለዎት። ይቺ ካመለጠችዎት 21 ቀን ጠፋ። በእኔ ግምት 12 ሊትር የምትሰጥ ላም ላይ ያለው ትልቁ ሥራ ማለቡ ሳይሆን ይህን ቀን መጠበቁ ነው።

የድራት፣ ማለትም ኮርማ የመፈለግ፣ ምልክቱ የሚቆየው ከ12 እስከ 18 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማታ፣ ሌሊትና ጎህ ሲቀድ ነው የሚታየው። ስለዚህ ቀን ቀን ብቻ የሚያያት ሰው ያመልጠዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ቀን 7 ሰዓት ገደማ፣ ማታ ደግሞ 2 ሰዓት ላይ 20 ደቂቃ ቆመው ይዩዋት። ትጮሃለች፣ ትቅበጠበጣለች፣ ወተቷ በአንዴ ይቀንሳል። ከብልቷ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራና የሚሳብ ፈሳሽ ይወርዳል። ዋናው ምልክት ግን ሌላ ላም ስትወጣባት ጸጥ ብላ መቆሟ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቀንና ሌሊት ታስራ የምትውል ላም ይህን ምልክት ማሳየት አትችልም። እንዴት ብላ ትውጣ? እንዴትስ ትቁም? ጠዋትና ማታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሁሉንም ፈትተው ግቢ ውስጥ ይልቀቋቸው። ወለሉ የማያዳልጥ ይሁን። ምንም ወጪ የለውም። «ላሜ ኮርማ አትፈልግም» ተብዬ ሄጄ፣ ስትፈታ በሁለተኛው ቀን ሲወጡባት ያየሁባቸው በረቶች ጥቂት አይደሉም።

አንድ ሌላ ነገር። አንዳንዴ ምንም ሳያዩ ቆይተው ጭራዋ ላይ ትንሽ ደም ያያሉ። አይደንግጡ። ድራቱ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በፊት አልፏል ማለት ነው። ቀኑን ይጻፉ። ከዚያ 16 ቀን ቆጥረው መጠበቅ ይጀምሩ፤ በ18 ወይም 19 ቀን ገደማ ትመለሳለች።

ምልክቱን ጠዋት ካዩ ከሰዓት በኋላ ትዳቀል። ማታ ካዩ በማግሥቱ ጠዋት። አዳቃይ ቴክኒሻኑ በበዓልና በእሁድ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ይህ በየቦታው ያለ ችግር ነው። ከጎረቤት አርቢዎች ጋር ሆናችሁ ከአንድ ቴክኒሻን ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የትራንስፖርቱን ወጪ ተጋሩ። ሲመጣም ዝም ብለው አይቁሙ። አባላዘሩ (በቅዝቃዜ ተይዞ የሚመጣው የኮርማ ዘር) ለብ ባለ ውሃ፣ ማለትም ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ቢያንስ 30 ሰከንድ መሟሟት አለበት። ቴርሞስ ሙቅ ውሃ አዘጋጅተው ይጠብቁት። ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። የኮርማውንም ቁጥር መዝግበው ይያዙ። ጊደሯ ከራሷ አባት ጋር እንዳትዳቀል የሚጠብቅዎት ያ ቁጥር ነው።

ሁለተኛዋ ከወለደች አመት አልፏታል ብለዋል። አርግዛለች ወይ? አልጻፉልኝም። ይህ ያሳስበኛል። ካረገዘች ጥሩ፤ ልትወልድ 60 ቀን ሲቀራት ማለቡን ያቁሙ። ካላረገዘች ግን 7 ሊትሩ ያዘናጋዎታል። ወተት እየሰጠች ስለሆነ ምንም የጎደለ አይመስልም። ከጥቂት ወር በኋላ ትነጥፍና አራተኛዋን ትሆናለች።

አምስተኛዋም ያው ጥያቄ ነው ያለባት። «አልተመለሰችም» ማለት አረገዘች ማለት አይደለም። ምናልባት ተመልሳ ሌሊት አልፎ ይሆናል። ከተዳቀለች 4 ወር ስለሆናት የእንስሳት ሐኪም በእጁ ፈትሾ በደቂቃዎች ውስጥ ይነግርዎታል። እንዲያውም ከ2 ወር ጀምሮ ይታወቃል። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጠርተው ሁለተኛዋን፣ አራተኛዋንና አምስተኛዋን በአንድ ጊዜ ያስፈትሹ። ለዚህ የሚከፍሉት ብር ከማንኛውም ፉርሽካ በላይ ይመልሳል።

አራተኛዋ ላይ ትንሽ ጠንከር ልበል። ከነጠፈች 5 ወር፣ እርግዝና የለም። ሐኪሙ ማኅፀኗንና እንቁላል ማምረቻዋን ይይ። ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጅ ዘግይቶባት ነበር? ማኅፀኗ ተመርዞ ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። ከስታለች? ጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠራል? እንግዲያው ሰውነቷ ድራትን አቁሞታል። የላም አካል ምግብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚተወው መራባትን ነው። ድርቆሽ፣ በቀን 2 ኪሎ ያህል ቅልቅል መኖ፣ የሚላስ ጨውና ማዕድን ሰጥተው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያቆዩዋት። ከታከመችና ከተመገበች በኋላ 3 ዙር ድራት ይጠብቋት። ካልያዘች ይሽጧት።

ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ስም ያወጡላት፣ ልጆችዎ ወተቷን ጠጥተው ያደጉባት ላም ልትሆን ትችላለች። ግን ለሽያጭ ጊዜ ይምረጡ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ አደልበው ቢያወጧት ጥሩ ዋጋ ታወጣለች። በዚያ ብር ያረገዘች ጊደር ይግዙ። ያኔም ላሞችዎ 5 ናቸው። ብድር የለብዎትም። ሲገዙ ግን የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴሎሲስ (ላም የሚያስወርድ በሽታ) ምርመራ ሳይደረግ በረት አያስገቡ። በመሐል አገር የተዳቀሉ ላሞች ላይ የሳንባ ነቀርሳ በብዛት ይገኛል፤ ወደ ቤተሰብም ይተላለፋል። ወተቱን ሁሌ አፍልተው ይጠጡ።

የሦስተኛዋን ለመጨረሻ ያቆየሁት ተስፋዎ እሷ ስለሆነች ነው። ልትወልድ 2 ወር ቀርቷታል። ብዙ ቤት ውስጥ የነጠፈች ላም ጭድ ብቻ ይጣልላታል፤ «ምን ትሰጣለችና» ይባላል። ግን የሚመጣው አመት ወተት የሚወሰነው በእነዚህ 60 ቀናት ነው። ግቷ እየታደሰ ነው። ጥጃውም በብዛት የሚያድገው አሁን ነው። ጥሩ ድርቆሽ ይስጧት። በመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት ደግሞ ፉርሽካና ፋጉሎ ቀስ በቀስ ያስጀምሯት፤ ከግማሽ ኪሎ ተነስተው እስከ 2 ወይም 3 ኪሎ። አትወፍር፣ አትክሳ። ስትወልድ ጥጃው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንገሩን እስኪጠግብ ይጥባ። ጥጃ ሲወለድ በሽታ የሚከላከልበት ነገር በደሙ የለም ማለት ይቻላል። ከእንገሩ ነው የሚያገኘው። አንጀቱም ይህን የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። እንገሩን ለጎረቤት ከማካፈልዎ በፊት ጥጃው ይጥገብ።

ስለ ጥጃ ከተነሳ፣ ሴቷን ጥጃ አይናቋት። በደንብ የተያዘች የተዳቀለች ጊደር በ27 ወር ገደማ ትወልዳለች። የተረሳችው ከ3 አመት በላይ ይፈጅባታል። ያ ሁሉ ጊዜ መኖ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መኖው። የአንድ ወተት እርባታ ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶው መኖ ነው። «አልቀመስ አለ» ቢሉ እውነትዎን ነው። ግን ገበያ ከመውጣትዎ በፊት በረት ውስጥ የሚባክነውን እንይ።

ከውሃ ልጀምር። ወተት 87 በመቶው ውሃ ነው። 12 ሊትር የምትታለብ ላም በቀን 60 ሊትርና ከዚያ በላይ ትፈልጋለች። በቀን ሁለቴ በባልዲ የምታጠጧት ከሆነ ይህን አታገኝም። ከፊቷ ውሃ ሳይጠፋ እንዲያድር ያድርጉ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ውሃውን በረዶ ሲያደርገው ጠዋት ቀዝቃዛውን ደፍተው ይቀይሩላት። ወተት በጥቂት ቀን ውስጥ ሲጨምር ያዩታል። ከማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ እንደዚህ ርካሽ የለም።

ሁለተኛ፣ መኖውን ለሁሉም እኩል አያካፍሉ። ብዙ በረት ውስጥ የ12 ሊትሯም፣ የነጠፈችውም፣ ጊደሯም አንድ አንድ ጣሳ ይደርሳቸዋል። እንደ ወንድማማች ድርሻ ነው። ግን ላም የምትከፍለው በወተት ነው። ጥሩ ድርቆሽ የምትበላ የተዳቀለች ላም ከራሷ ኑሮ አልፋ 4 ወይም 5 ሊትር ከድርቆሹ ታወጣለች። ከዚያ በላይ ላለው ለየ2 ወይም 2 ሊትር ተኩል 1 ኪሎ ቅልቅል መኖ ይጨምሩላት። ለአንደኛዋ ላም ከ3 እስከ 3 ኪሎ ተኩል በቂ ነው ማለት ነው። ለሁለተኛዋ 1 ኪሎ። ጣሳውንም አንዴ በሚዛን ይለኩት። አንድ ጣሳ ፉርሽካና አንድ ጣሳ ፋጉሎ ክብደታቸው አንድ አይደለም።

ፋጉሎ ሲገዙ ይሽትቱት፤ ይሰባብሩትና ይዩት። የሻገተውን በርካሽ ቢሰጥዎትም ይለፉት። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከ110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ተገኝቷል። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይህ መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ልጆቻችን ይጠጡታል። ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡ። ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ አይግዙ። ከሌሎች መኖዎችም ጋር አሰባጥረው ይስጡ።

ደብረ ብርሃን ላይ መሆንዎ አንድ ዕድል አለው። ከተማው የቢራ ፋብሪካ አለበት። የብቅሉ ተረፈ ምርት ጥሩ ፕሮቲን ነው። ግን እርጥብ ነው፤ ከ100 ኪሎው ደረቁ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ብቻ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። ዋጋውን ከፉርሽካ ጋር ሲያወዳድሩ ይህን ይያዙ። በጥቂት ቀን ውስጥም ይበላሻል። ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ እየረገጡ ጠቅጥቀው፣ አየር እንዳይገባ በፕላስቲክ አሽገው ካስቀመጡት ሳምንታት ይቆያል።

የገብስና የስንዴ ጭድ በአካባቢዎ ሞልቷል። ጭዱን በዩሪያ ማከም ይችላሉ። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ 100 ኪሎ ጭድ ላይ ይረጫል፤ ይጠቀጠቃል፤ በፕላስቲክ ታሽጎ 21 ቀን ይቆያል። ሲከፈት ሽታው እስኪቀንስ ይናፈስ። ከ6 ወር በታች ላሉ ጥጆች አይሰጥም። ዩሪያውን በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ይገድላል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ላም ስትሞት አይቼ ስለሆነ ነው።

መሬት ካለዎት፣ አንድ ጥማድ እንኳ ቢሆን፣ አጃና ቬች (የጥራጥሬ ዘር የሆነ የመኖ ተክል) አሰባጥረው ይዝሩ። በደጋው በደንብ ይሆናሉ። ቬቹ ሲያብብ፣ የአጃው ፍሬ ገና ወተት ሳለ አጭደው ያድርቁት። ከዚያ በላይ ከቆየ ጭድ ይሆንብዎታል። በአጥር ዙሪያ ደግሞ ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ቁጥቋጦ ይትከሉ፤ ብርዱን ይችላል። ዘሩን ደብረ ብርሃን ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ድርቆሽ የሚገዙ ከሆነ በኅዳር ይግዙ እንጂ ግንቦትን አይጠብቁ። ከ6 ወይም 7 ጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ አንድ አይሱዙ ሙሉ ብታመጡ ትልልቆቹ የሚገዙበት ዋጋ ላይ ትጠጋላችሁ። ለዚህ ማኅበር መመሥረት እንኳ አያስፈልግም። ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች ይህን ማድረግ አያቅታቸውም።

ስለ ጡት በሽታ በአጭሩ። ወተቱ ሳይቀየር፣ ግቱ ሳያብጥ ተደብቆ ወተት የሚቀንሰው አይነት በጣም ብዙ ነው። ሲያልቡ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጠብታዎች ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርገው ይዩ። የታመመችውን መጨረሻ ይለቡ። ካለቡ በኋላ ጡቶቹን አዮዲን ባለው መንከሪያ ይንከሩ፤ ወዲያውም ድርቆሽ ግርግሟ ውስጥ ይጨምሩላት። እየበላች ግማሽ ሰዓት ስለምትቆም፣ የጡቷ ቀዳዳ ሳይዘጋ ፍግ ላይ አትተኛም።

ገበያው ላይ የእኛ አገር አንድ ጠባይ አለ፤ ጾም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በሁዳዴ ወተት ይረክሳል፤ ሰብሳቢውም ይቀንሳል ወይም ጭራሽ አይወስድም። ላም ደግሞ 60 ቀን ማረፍ አለባት። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል። ሐምሌ 8 ገደማ የያዘች ላም ሚያዝያ 16 አካባቢ ትወልዳለች። የምታርፈው ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ነው፤ ያ ጊዜ በአመዛኙ ሁዳዴ ነው። ፋሲካ ሲመጣ ወተቱም ይመጣል። ሁሉንም ላሞች እንዲህ አያድርጉ፤ አመቱን ሙሉ የሚወስድ ደንበኛ ይጠፋዎታል። ሁለቱን ብቻ። ላም የምትወልድበት ሚያዝያ ሣር የሌለበት ወቅት ስለሆነም ድርቆሽ አስቀድሞ መከማቸት አለበት። ደግሞም ለሁዳዴ ብለው ባዶ ላም ለወራት አያቆዩ። ከላይ ያየነው ሒሳብ ይበላዎታል።

በጾም የተረፈውን ወተት አርግተው ይናጡት። 1 ኪሎ ቅቤ ከ20 ሊትር በላይ ወተት ይጠይቃል። ቅቤው ግን ይቆያል፤ ለፋሲካ ዋጋው ሰማይ ይነካል። አሬራው አይብ ይሆናል። ወተት የሚያጓጉዙበት ዕቃ የፕላስቲክ ጀሪካን ከሆነ ይቀይሩት። አንገቱ ጠባብ ነው፤ እጅ አይገባበትም፤ ውስጡ በደንብ አይታጠብም። ሰፊ አፍ ያለው የአሉሚኒየም ዕቃ አንዴ ቢገዙ አመታት ያገለግላል፤ የሚመለስብዎት ወተትም ይቀንሳል። የማታውን ወተት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ያሳድሩት። የደብረ ብርሃን ብርድ ለዚህ ነጻ ፍሪጅ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ወደ ወተት ሥራ የገባው ሰው ብዙ ነው። ሲያወሩ የምሰማው «ስንት ላም አለህ?» እየተባባሉ ነው። እኔ ከእርስዎ የምፈልገው ሌላ ቁጥር ነው። አንድ ደብተር ይግዙ። ለእያንዳንዷ ላም አንድ ገጽ ይስጡ። የወለደችበት ቀን፣ ድራት የታየበት ቀን፣ የተዳቀለችበት ቀን፣ የኮርማው ቁጥር፣ የተፈተሸችበት ቀንና ውጤቱ። ወተቱን በየቀኑ መጻፍ ከከበደዎት በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ፣ የእያንዳንዷን ለይተው ይለኩ። ልጆችዎ ቢጽፉትም ይሆናል።

ሐኪሙ ሦስቱን ላሞች ሲፈትሽ ውጤቱን እዚሁ ይጻፉልኝ። አምስተኛዋ ካረገዘች ከ5 ወር በኋላ ትወልዳለች፤ መኖዋን አብረን እናቅዳለን። ባዶ ከሆነችም ተስፋ አይቁረጡ። ከስታ እንደሆነ፣ ፈሳሽ ካላት፣ መጨረሻ የወለደችበትን ቀን ጨምረው ይላኩልኝ። አንደኛዋን ግን ምላሼን እስኪያዩ አይጠብቁ። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ፈትተው ይዩዋት።